ግድግዳ እያየሁ የተረጎምኩት የጡት ጉዳይ

ከሚሴ ውስጥ ጡጦና የቆርቆሮ ወተት የሚሸጥ ሰው ለጡት ማጥባት ጥናት አስተርጓሚ ሆነ ቢሏችሁ መቼም ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ነው የገባሁበት። ሳቁ የት ላይ እንደለቀቀኝ ግን ቦታውን ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ሰንበቴ ዳር፣ አንድ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው።

ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሳሙና አለ፣ ባትሪ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ነጠላ ጫማ አለ፣ ከላይ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ጡጦ በየቀለሙ ተሰልፏል። ትምህርት ላይ ብዙም አልገፋሁም፤ የቀረውን የተማርኩት ጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። ቋንቋ ግን አላህ አልነፈገኝም። በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ እጨርሳለሁ፣ መሐል ላይ በአረብኛ እምላለሁ። ይሄ እንደ እውቀት አይቆጠርልኝም፤ እኛ አገር ዶሮ የሚሸጠውም እንዲሁ ነው የሚያወራው።

አንድ ቀን ሰላማዊት የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ውሃ ልትገዛ ቆመች። በስልክ እያወራች ነው፤ ፊቷ ቀልቷል። አስተርጓሚ ልትሆናት የተስማማችው ሴት ለክትባት ዘመቻ ተጠርታ ሄዳባታለች። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው አሁኑኑ ካላገኘች ሥራው እንደሚበላሽ ትናገራለች። ነጋዴ የሰው ስልክ ሲሰማ ጆሮውን አይመልስም። ስትዘጋ ጠብቄ ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እናቶች ስለ ጡት ማጥባት ያላቸው አመለካከትና የሚገጥማቸው እንቅፋት፣ አለችኝ። እኔን አየችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈውን ጡጦ አየች።

«ከእንቅፋቶቹ አንዱ ጋ ደርሻለሁ ማለት ነው» አለች።

እንዲህ የምትናገር ሴት ደስ ትለኛለች፤ ተስማማሁ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ሰሞን ረምላ የምትባል መምህርት ታጭታልኝ ነበር። ኒካው ማሽላው ሲሰበሰብ ተብሎ ተቆርጧል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አብረውኝ ኳስ የተጫወቱት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ የሰው ልጅ በጡጦ አሳድጋለሁ። ረምላን ለማግኘት የጠበቅኩትን አላህና እኔ እናውቃለን። የተማረች ሴት የሚያገባ ሰው ከተማረች ሴት ጋር አንድ ሁለት ቀን ቢሠራ ለኋላው ይለማመዳል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ነገሩ አልሆን አለ። አራሷ አየችኝ፤ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረችው፤ «እሱ ይውጣ» አለች። ልክ ናት። ግን እኔ ከወጣሁ ቋንቋውም አብሮኝ ይወጣል። አማቷ መላ አመጡ፦ «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥ።» በርጩማ ተሰጠኝ፤ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ፊት ተሰየምኩ። ጥያቄው በቀኝ ጆሮዬ በአማርኛ ይገባል፣ መልሱ በግራ ጆሮዬ በኦሮምኛ ይመጣል፤ እኔ ጭቃውን እያየሁ አቀባብላለሁ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ወጉ ይኸው ሆነ። የከሚሴን ግድግዳ እንደኔ ጠጋ ብሎ ያየው ግንበኛ የለም። የማን ቤት ሊፈርስ እንደሆነ፣ የማን ቤት ጭድ እንደጎደለው ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

የሰማሁት ግን ግድግዳ የሚያስረሳ ነው። እኔ ጡት ማለት ልጅ ሲያለቅስ አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካ ሕግ አለው፣ ፍርሃት አለው፣ ሙግት አለው። አንዷ እንገሩን ቆሻሻ ነው ብላ አልባ ደፍታዋለች፤ ልጇን ቅቤ አልሳዋለች። ሌላዋ ከገበያ ስትመለስ ፀሐይ የመታው ወተት ሆድ ይነፋል ብላ የመጀመሪያውን መሬት ላይ ታፈሳለች። ሦስተኛዋ ገበያ መሐል አታጠባም፤ የሰው ዓይን ጡቷን ያደርቀዋል። ልጁ ቢጮህስ ብትባል «ይጩኻ፣ የኔ ጡት ከሚደርቅ የሱ ጉሮሮ ቢደርቅ ይሻላል» አለች።

አንዷ አማርኛ ትችል ስለነበር ሰላማዊት ራሷ ጠየቀቻት። ልጅሽን ስታጠቢ እንቅፋት ገጥሞሽ ያውቃል ወይ አለቻት። ሴትዮዋ አዎ አለች። ሰላማዊት ተስተካክላ ተቀመጠች። እንቅፋቱ ምን ነበር ስትላት፣ ድንጋይ ነበር አለች፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ስትወርድ ልጁን እንዳቀፈች አውራ ጣቷን መትቷት ጥፍሯ ተነቅሏል። ልታሳየንም እግሯን ዘረጋች። እኔ ግድግዳዬን እያየሁ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ።

ሳቄን ያበረደችው ቀጣይዋ ናት። ለምን ጡጦ ጀመርሽ ተባለች። የጡጦ ሻጩ ነው ያስጀመረኝ አለች። የዘንድሮ ልጅ በጡት ብቻ አይወፍርም፣ የሐኪም ሚስቶች እንኳ ከኔ ነው የሚገዙት እያለ ምሎ ሸጠላት። ልጁ ሆዱን አመመው፤ እሷም ጡቷ ጎደለባት። እኔ ይህን ሁሉ ቃል በቃል እየተረጎምኩ ነው። ሰላማዊት ሻጩ ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ አለች። ጠየቅኩ። ሴትዮዋ «ጀርባውን ሰጥቶኝ የተቀመጠው» አለች።

ደነገጥኩ። የሐኪም ሚስት ከኔ የገዛችው ባትሪ ነው።

ሰላማዊት አልተቆጣችም፤ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። ስንወጣ፣ አሁን የቀራት የአያቶች አስተያየት እንደሆነ ነገረችኝ፤ በድሮ ጊዜ እንዴት ይጠባ እንደነበር የሚናገሩ ትልልቅ ሴቶች ትፈልጋለች። እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የተነሳው። የረምላ አያት እማ ሐዋ ሰንበቴ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሙሽራ ከሠርጉ በፊት በሚስቱ ዘመዶች ቤት አይታይም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ሳላገላብጥ ገዝቼ አላውቅም። የምገባበትን ዘር አንዴ አየት ባደርግ ምን አለበት? ሙሽራ ሆኜ ሳይሆን አስተርጓሚ ሆኜ እገባለሁ፤ ለዚያውም ፊቴ ወደ ግድግዳ ነው፣ ማን ያየኛል?

ማንም አልላከኝም። ረምላም አታውቅም። ሰላማዊትን «አንድ ዕድሜ የጠገቡ እናት አውቃለሁ» ብዬ በሰንበቴ ገበያ ቀን ወሰድኳት። መንገዱ በግመልና በበሬ ተሞልቷል፤ የአፋር ነጋዴዎች ከብቱን ሲያገላብጡ እያየሁ እኔም ወደ መሰሎቼ የመጣሁ መሰለኝ።

እማ ሐዋ ረጅም ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም። ጤና ተጠያየቅን። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ፣ ያው የከሚሴ ነጋዴ ነኝ ብዬ አለፍኩት። የልጅ ልጃቸው የከሚሴ ነጋዴ ልታገባ እንደሆነ ሰምተዋል፤ ግን ከሚሴ ውስጥ ነጋዴ ያልሆነ ማን አለ። በርጩማዬን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አዲስ ልስን ነው፣ ንጹሕ ቤት ነው። ጥሩ ዘር ነው ብዬ በልቤ መዘገብኩ።

ሰላማዊት ጠየቀች፦ በእናንተ ጊዜ እናት ስትታመም ልጁ ምን ይሆን ነበር? ተረጎምኩ። እማ ሐዋ ሳቁ። ምን ይሆናል፣ ወተት ያላት ትሰጠዋለች፤ እኔም ሰጥቻለሁ አሉ። ያኔ ገና ጨፋ ሮቢት ይኖሩ ነበር። ጎረቤታቸው መዲና ወልዳ ሳትጠነክር ታማ ደሴ ሐኪም ቤት ተወሰደች። ማሽላው ሲያብብ ሄዳ ተወቅቶ ሲገባ ነው የተመለሰችው። እስክትመለስ ድረስ በአንድ ጡት የራሳቸውን የመጨረሻ ልጅ ሰይድን፣ በሌላው የመዲናን ልጅ አጠቡ።

«የጨው ነጋዴው የኢብራሂም ልጅ ነበር» አሉ እማ ሐዋ። «ጨውዬ ነበር የምንለው። እኒ ሐርመ ኮ ሆዼ፤ የኔን ጡት ነው የጠባው። ይነክስ ነበር። የት እንደደረሰ አላህ ይወቀው፤ ካለ ልጄ ነው።»

አባቴ ኢብራሂም ይባላል። ጨው ነበር የሚነግደው፤ እኔም የተወለድኩት ጨፋ ሮቢት ነው። እናቴ መዲና ትባላለች፤ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። ስለ ሕመሟ አባቴ አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም፤ እሱም አሁን የለም።

ግድግዳው ውስጥ አንዲት የጭድ ሰበዝ አለች፤ እሷን አያለሁ። እስክሞት ሳያት እኖራለሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ የጡት እናት እናት ናት። ልጆቿ ሁሉ፣ ከአንተ በፊት የተወለዱትም በኋላ የተወለዱትም፣ እህት ወንድሞችህ ናቸው። የረምላ እናት የእማ ሐዋ የበኩር ልጅ ናት፤ እኔ ሰይድን እየገፋሁ ስጠባ እሷ ከሚሴ ተድራ ነበር። እንግዲህ እሷ እህቴ ናት። የእህቴን ልጅ ምን ልበላት? ሽማግሌ ስንልክ ይህንኑ በወጉ ተጠይቀናል፤ ዘር ይገናኛል ወይ፣ ጡት ይገናኛል ወይ ተብለናል። የአባቴ ወንድም ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛውሮ፣ ልጃችን ከእናቱ ጡት ሌላ የግመል ወተት እንኳ አልቀመሰም ብሎ መለሰ። ያኔ መልሱ አኩርቶኝ ነበር።

«ምን አሉ?» አለች ሰላማዊት።

«ጎረቤት ያጠባ ነበር አሉ።»

«ይሄን ሁሉ አውርተው?»

አንድ ተስፋ ታየኝ፤ ጨፋ ሮቢት ውስጥ ስንት ኢብራሂም አለ፣ ከነሱ ስንቱ ጨው ነግዷል። ማንም ያላዘዘኝን ጥያቄ በኦሮምኛ ጠየቅኩ፤ የትኛው ኢብራሂም ነው? እማ ሐዋ ሳያመነቱ መለሱ፦ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የሌለው፣ ግመል የነከሰው። አባቴ በዚያ እጁ ነበር ጆሮዬን የሚቆነጥጠኝ፤ የጎደሉትን ጣቶች ቦታ ጆሮዬ ያውቃል።

ሰላማዊት ጥያቄው ከሷ ጥያቄዎች ውስጥ እንደሌለ አስታወሰችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ስንመለስ ከቃለ መጠይቆቹ ሁሉ ይሄኛው እንደሚበልጥ፣ የድሮ ሴቶች መረዳዳት እንዳስደነቃት ነገረችኝ። እኔ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌያለሁ። ማሽላው ሁለቱንም ዳር ሞልቶ አብቧል።

አሁን ነገሩን እንደ ነጋዴ እዩልኝ። ይሄን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። እማ ሐዋ ወሬውን ያውቁታል፣ እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ሰላማዊት እኔን ታውቀኛለች፣ ወሬው የኔ መሆኑን አታውቅም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አፌን ብዘጋ ማሽላው ይሰበሰባል፣ ኒካው ይታሰራል፣ ረምላ ቤቴ ትገባለች። እማ ሐዋ ሠርጉ ላይ ቢመጡ እንኳ ዓይናቸው ደክሟል። የአባትህ ስም ማነው ቢሉኝ ጆሮዬን አሞኛል እላለሁ። ለሚስት አያት ዕድሜ ልክ ጆሮውን የሚያመው ሰው ምን ይጎዳል? እስከ ከሚሴ ድረስ ይህን ሳጠነክር ሄድኩ። ስወርድ ግን እግሬ ወደ ሱቁ አልሄደም፤ ወደ መስጊዱ ሄደ።

ሸህ አደም ዙህርን አሰግደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ጓደኛ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ጓደኛዬ አንዲት ልጅ አጭቷል፤ የልጅቷ አያት ግን በሕፃንነቱ ሳያጠቡት አልቀሩም። ሸሁ ጢማቸውን ጨበጡ። ጓደኛህ ቀመስ አድርጎ ነው ወይስ ጠግቦ የኖረበት ነው አሉኝ። ማሽላ ከማበብ እስከ መወቃት አልኳቸው። ወደ መንገዱ አየት አደረጉ።

«ጓደኛህ ሱቁ ከዚህ ይታያል?» አሉኝ።

«ይታያል፣ ሸህ።»

«እንግዲያ የእህቱ ልጅ ናት። ከሌላ ሰው ሳትሰማ እሱ ይንገራት።»

ያጠቡት እናት ተሳስተው እንደሆነስ ልል አፌን ከፈትኩ። የአባቴ ጣቶች ትዝ አሉኝና ዘጋሁት።

ረምላን በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራኋት። ጠመኔ የነካው እጇን እያራገፈች መጣች። ሰው እያየን ነው፣ ምነው በደህና አለችኝ። አያትሽን አየኋቸው አልኳት። ተቆጣች፤ ማን ሂድ አለህ፣ ነውር አታውቅም ወይ አለችኝ። ልክ ናት።

«ምን አሉህ?»

«አጥብተውኛል።»

ልትስቅ ነበር። ቀልድ እንደማበዛ ታውቃለች። «ምን?»

«ከሰይድ ጋር። እናቴ ታማ ሳለ።»

ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ልጆቹ ከኋላዋ ኳስ እያባረሩ ይጮኻሉ። በእኛ አገር የእናት ወንድም የሹማ ነው የሚባለው፤ ከአባት ቀጥሎ ያለ ሰው ነው።

«ሰይድ የሹማዬ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«አንተስ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዕቃ ሸጬ ዋጋ ለመጥራት እንደዚያ ቀን ተቸግሬ አላውቅም። «እኔም።»

መሬት መሬት አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን የመምህርት ድምፅ ነበር። «ባትሄድ ኖሮ አናውቅም ነበር።»

«አናውቅም ነበር።»

«ሄደህ ዝም ብትልስ?»

«አስቤዋለሁ» አልኳት። «እስከ ከሚሴ ድረስ አስቤዋለሁ።»

ደወል ተደወለ። ረምላ ዞረችና ገባች። ክፍል ነበራት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እማ ሐዋ ከሰንበቴ ተወስደው መጡ፤ ሸህ አደምና ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት የነገሩኝን ደገሙ። ጨውዬ ማለት ያ የተቀመጠው ነው ሲባሉ ተነሥተው መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱ። አለቀሱ፤ ሳቁም። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ፈርሷል፣ የጠፋ ልጃቸው ተገኝቷል፤ የቱን ያስቀድሙ? አስቀድመው የመቱኝ መሰለኝ። ቤቴ ድረስ መጥተህ ለእናትህ ጀርባህን ሰጠህ ብለው ትከሻዬን በዘንጋቸው አቀመሱኝ። ያ የግመል ወተት እንኳ አልቀመሰም ያለው አጎቴ በሱቄ በኩል ማለፍ ትቶ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። የረምላ እናት ልታለቅስ መጥታ ወንድሜ ብላ ሳመችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እሷን ሳይ መንገድ ነበር የምቀይረው፤ አማቴ ልትሆን ነበራ። ከተማው እኔን ምን ብሎ እንደሚያጽናና ቸገረው። አንዳንዱ አይዞህ ይለኛል፤ አንዳንዱ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፤ አንዱ ሁለቱንም ካለኝ በኋላ ሳሙና ገዝቶ ሄደ።

ሰላማዊት ልትሰናበተኝ ስትመጣ ታሪኩን ሰማች። ቆማ ቀረች። በሷ ጥያቄ እንደመጣ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ጀመረች። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት፤ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትንሽ አሰበችና፣ አፍራ፣ ታሪኩን ስሜን ሳትጠራ ብትጽፈው ፈቃዴ መሆኑን ጠየቀችኝ። ፈቀድኩላት። ግን የት እንደምታስገባው ጨንቋታል፤ አመለካከት ነው እንቅፋት? እኔስ በምን አውቄ።

ማሽላው ተሰበሰበ። ኒካው ሊታሰር የነበረበት ቀን ገበያ ነበረው፤ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ቀን፣ ረምላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ገባች። ታጭታልኝ ሳለች አንድ ቀን እዚህ እግሯ አልረገጠም፤ ብቻችንን ቁጭ ብለን አናውቅም፣ ሁሌ ሰው መሐላችን ነበር። አሁን ምን ከልካይ አለ፤ አጎት ጋ ነው የገባችው። የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ሙቀቱን ረገመች፤ ስለ ርዕሰ መምህሩ አማረረች። እያወራች ሻሿን ፈታች፤ እንደ እናቷ ቤት፣ ሳታስብ። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና በደብተር አንገቷን ታራግብ ጀመር።

«የሹማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የለህም?»

ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ውሃውን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት፤ ውሃውን ሰጠኋት። «አድገሻል።»

አጎቶች እንደዚያ ሲሉ ሰምቼ ነበር።